የዶዘሩ ሆድ

ኅዳር ሚካኤል በተከበረ ማግስት፣ ጉሙ ከጣና ላይ ገና ሳይነሣ፣ የቁንዝላው የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ከዶዘሩ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች አየ። አልደነገጠም። መካኒክ ከማሽን ሥር ተጋድሞ ማየት የለመደው ነው።

«ገድሉ! በዚህ ብርድ ጀመርኸው?» አለና ሳቀ።

መልስ አላገኘም። ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለ። ከዚያ በኋላ እየሮጠ ከተማ ሲገባ ያዩት ሰዎች የሚያወራው አልገባቸውም፤ «ተጭኖታል፣ ተጭኖታል» ብቻ ነበር የሚለው።

ኢንስፔክተር የብርጓል ከባሕር ዳር ተነሥታ ቁንዝላ ስትደርስ ጉሙ ተገፎ ፀሐይዋ ከርራ ነበር። አብሯት የመጣው ሳጅን ዓምደ ሚካኤል የተሰበሰበውን ሠራተኛ ገለል አደረገ። የዶዘሩ ምላጭ፣ ያ አፈር የሚገፋው ሰፊ ብረት፣ የሟቹ ደረት ላይ አርፏል። ሰውየው ቱታውን እንደ ለበሰ በጀርባው ተንጋሏል። ከአጠገቡ የመፍቻ ሣጥኑ፣ የግራሶ መርጫውና አሮጌ ዘይት የሞላ ቆርቆሮ ተቀምጠዋል።

ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ደልዳላ ሰው ወደ ፊት ወጣ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ክንዱ እባላለሁ፤ ፎርማኑ ነኝ። ገድሉ የድርጅታችን መካኒክ ነው። ከሳይት ሳይት እየዞረ ሰዓታቸው ለደረሰ ማሽኖች ሰርቪስ ያደርጋል፤ ዘይት ይቀይራል፣ ግራሶ ያጠጣል፣ የላላውን ያጠብቃል። ትናንት በዓል ስለሆነ ማሽኖቹ ቆመው ነበር። ያንን አይቶ ነው መሰለኝ ማንም ሳይጠራው የመጣው።»

«ካምፑ ውስጥ ሌላ ማን ነበር?»

«ማንም። ዘበኛውም እኛም ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ምላጩን ከፍ አድርጎ ከሥሩ ሲገባ ታኮ አላስገባም። ብቻውን ስለነበር ቸኩሏል። ወረደበት።»

ታኮዎቹ፣ ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንዶች፣ መጠለያው ሥር ተደርድረዋል። የብርጓል አንዱን በእግሯ ገለበጠችው፤ ከዚያ ተቀምጣ ሁለተኛውን አየችው። በሁለቱም አናት ላይ ብረት የተጫነው ሰርጓዳ መስመር አለ። እንጨቱ ውስጡ ነጭ ነው፤ ገና አልጠቆረም።

ምላጩን በክሪክ አንሥተው ሬሳውን ሲያወጡ የሟቹን እጅ ያዘችና ለሳጅኑ አሳየችው።

«ይህ ዘይት ሲያፈስስ የዋለ ሰው እጅ ነው?»

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። ጥፍሮቹ ሥር እንኳ ጥቁር ነገር የለም። መዳፉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ጨርሶ ታጥቧል።»

«ታጥቦ ሲያበቃ ተመልሶ ማሽን ሥር ምን ይሠራል?»

ሳጅኑ የሟቹን እግር መፈተሽ ጀመረ። ከጫማው ማሰሪያ ላይ የተጠመጠመ እርጥብ ጥቁር የሥር ጭራ ነቅሎ ሰጣት። የጣና ዳር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የእምቦጭ ሥር ነው።

የብርጓል ወደ ክንዱ ተመለሰች። «እርስዎ ትናንት የት ዋሉ?»

«ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ እዚያው ነበርሁ። ከዚያ ለዝክሩ በካምፑ ቦቴ ከከተማው ቧንቧ ውኃ ሳመላልስ ዋልሁ። ቁንዝላ በሙሉ ምስክሬ ነው።»

«ዶዘር ይነዳሉ?»

«እኔ የአፈር ሰው ነኝ፤ ወጥቼበትም አላውቅ። ነጂው አዘዘ ነው።»

«የት አለ?»

ክንዱ አንገቱን ደፋ። «ሰው ማማት አልወድም። ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ የለም። ስልኩም አይሠራም። ባለፈው ጊዜ ከገድሉ ጋር ለዱላ ተጋብዘው እኔ ነኝ የገላገልኋቸው።»

ከኋላቸው የቆሙት ሠራተኞች እርስ በርስ ይንሾካሾኩ ነበር። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይህ መንገድ ገና ይበላናል» ሲል ሰማች።

«ምን ማለቱ ነው?» አለች።

«ከመስቀል በኋላ አባ ጥዑመ ልሳን የሚባሉ መነኩሴ ሐይቁ ወስዷቸዋል» አለ ክንዱ። «መንገዱን ይቃወሙ ስለነበር ረግመውት ነው ይላሉ። እኔ ራሴ ነበርሁ ፈላጊዎቹን የመራሁት። ታንኳቸው ተገልብጣ ተገኘች፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም።»

*

የሳይቱ ኃላፊ ኢንጂነር ፍሬ ስብሐት ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር ደረሰ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ሥራ ያመጣው ሰው ነው። በቆርቆሮ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ መነጽሩን ደጋግሞ ይወለውል ነበር።

«ትናንት የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ነው የዋልኩት። ጠይቂ።»

«እጠይቃለሁ። የዶዘሩ ሰርቪስ መደረግ የነበረበት መቼ ነው?»

«ከመስቀል በኋላ፣ በሳምንቱ።»

«ኅዳር አጋማሽ ላይ ነን።»

«ሁለት ጊዜ ተላልፏል። እኔ ነኝ ያስተላለፍኩት። ዕቃ አልመጣም ተባልኩ፤ ሥራውም ይዞን ነበር። ማሽን በቆመ ቁጥር ከዋና መሥሪያ ቤት የሚጮኹት እኔ ላይ ነው።»

«ከአባ ጥዑመ ልሳን ጋር ተጣልተው ነበር?»

መነጽሩን ማበሱን ተወ። «እሳቸው ደግሞ ከዚህ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?»

«ተጣልተው ነበር ወይ?»

«በቤተ ክርስቲያኑ መሄጃ ላይ ያሉትን ዛፎች አታነሷቸውም አሉ። ገና ሳይነጋ እየመጡ ማሽኑ ፊት ይቆሙ ነበር። አንድ ቀን ተቆጥቼ 'አንድ ቀን ማሽን ይገጭዎታል' ብያቸዋለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቶኛል።» ቀና ብሎ አያት። «ከዚያ በሳምንቱ ሰመጡ። ስሚኝማ፣ እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው።»

የብርጓል ወጣች። ከመኪናው አጠገብ ሳጅኑ፣ «ሰውየው ፈርቷል» አላት።

«ፈርቷል። ግን ምን እንደሚያስፈራው ገና አላወቅሁም።»

*

ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር፣ የገድሉ ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሏል። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም በስልክ የነገራትን እያሰበች ነበር የብርጓል የገባችው፤ ሰውየው መጀመሪያ ጭንቅላቱን ከኋላ በከባድ ነገር ተመትቷል፤ ምላጩ ደረቱ ላይ ሲወርድ ሞቶ ነበር። የገድሉ ሚስት እናትዓለም አንዲት ጎረቤት ደግፋት ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

«እህቴ፣ በዚህ ሰዓት መምጣቴ ይቅር በይኝ። ትናንት ደውሎልሽ ነበር?»

«ደውሏል።» ድምፅዋ ተዘግቷል። «ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ነበር። እልልታው በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።»

«ምን አለሽ?»

እናትዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «'ከማሽኑ ሆድ ውስጥ የሰው ነገር አገኘሁ' አለኝ።»

«የሰው ነገር ማለት?»

«አላወቅሁም። ቀልድ መስሎኝ 'ደግሞ ሰው መብላት ጀመረ?' ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። 'ታጥቤ፣ ለሚያውቅ ሰው አሳይቼ እመጣለሁ' ብሎ ዘጋው። የመጨረሻ ድምፄ ሳቅ ነው፣ ኢንስፔክተር። እሱ የሰማው ሳቄን ነው።»

የብርጓል እጇን ያዘቻት። ቀጥላ ጠየቀች፤ «ማንም ሳይጠራው የሄደው ለምንድን ነው?»

«ከካምፑ ደውለውለት ነው። መሲ የምትባል የግምጃ ቤት ጠባቂ አለች። ዕቃው ከመጣ ቆይቷል፣ ሰርቪሱን ለምን አትሠራውም አለችው። ተናዶ ነው የሄደው። ሰርቪስ ያለፈው ማሽን ሲያስብ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።»

*

አዘዘን ያገኙት ቆጋ፣ የድንች ማሳው ውስጥ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ከመስኖው ቦይ የተለቀቀለትን ውኃ በአካፋ እየመራ ነበር። ፖሊሶቹን ሲያይ አካፋውን አልጣለም።

«ስልክህን ለምን ዘጋኸው?» አለው ሳጅኑ።

«ቦይ ውስጥ ገባብኝ እኮ። የውኃ ተራዬ የሚካኤል ዕለት ደረሰ፤ ተራዬን ካሳለፍሁ ድንቼ ይደርቃል። ክንዱ ፈቃድ ቢከለክለኝስ ብዬ ሳልናገር መጣሁ። ምን ሆነ?»

የገድሉን ሞት ሲነግሩት ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። በአቅራቢያው ውኃ የሚቀባበሉት ገበሬዎች መጥተው ከዋዜማው ጀምሮ ከማሳው እንዳልተለየ ተናገሩ። የውኃ አከፋፋዩም አረጋገጠ።

«ከገድሉ ጋር ለምን ተጣላችሁ?» አለች የብርጓል።

«በጭቃ ነው። ሰንሰለቱን አታጸዳም ብሎ ሰደበኝ። ስድቡ አበሳጨኝ እንጂ እውነቱን ነው፤ እኔ አጥቤው አላውቅም።» የሆነ ነገር ትዝ ያለው መሰለ። «አንድ ጊዜ ግን ታጥቦ አግኝቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከመስቀል በኋላ እናቴ ታማ መጥቼ ነበር። ቁልፉን ቢሮ ሰቅዬው ነው የሄድሁት። ስመለስ ዶዘሩ ከላይ እስከ ታች ታጥቧል። ጭቃ ውስጥ የሚውል ማሽን ማን ያጥባል? ደግ ሰው አገኘሁ ብዬ አለፍሁት።»

«ሆዱም ታጥቦ ነበር?»

«ሆዱ በውኃ አይታጠብም። ከሞተሩ ሥር ወፍራም ላሜራ በቡሎን ታስሯል። ጭቃው ከሰንሰለቱ በኩል እየገባ እዚያ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ላሜራው የሚፈታው በትልቁ ሰርቪስ ብቻ ነው።»

የብርጓልና ሳጅኑ ተያዩ። 

«እግርህን ታጠብ» አለችው አዘዘን። «ከእኛ ጋር ትሄዳለህ።»

*

የብርጓል ክንዱንና ሠራተኞቹን ቃል ስጡ ብላ ከሳጅኑ ጋር ወደ ከተማ ላከቻቸው። ካምፑ ጭር ሲል አዘዘ ዶዘሩ ሥር ገባ። ቡሎኖቹ በቀላሉ ተፈቱ።

«ገድሉ እንዲህ አያስርም» አለ ከሥር ሆኖ። «እሱ ካሰረው በዱላም አይፈታ። ይህን ያሰረው ሌላ ሰው ነው።»

ላሜራው ሲወርድ መሐሉ ጸድቷል። ዳርና ዳሩ ላይ ግን ገና የደረቀ ጭቃ ተለጥፏል። አዘዘ በጣቱ ፈረፈረው። ድንገት እጁን ሰበሰበና ከማሽኑ ሥር በክርኑ እየዳኸ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

የብርጓል ጓንቷን አጥልቃ ራሷ ገባች። ከላሜራው መታጠፊያ ውስጥ ቢጫ ጨርቅ ተጠምዝዞ ተቀርቅሯል። ከጨርቁ ጋር ጥቂት የመቁጠሪያ እንክብሎች በክር እንደ ተያያዙ አሉ። ጨርቁ ላይ የደረቀው ነገር ግን ጭቃ አልነበረም።

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ተጠርተው መጡ። የአባ ጥዑመ ልሳን የእናት ልጅ ናቸው። በቁንዝላው ደብር ዜማ ያስተምራሉ። እንክብሎቹን በወረቀት ላይ አድርጋ ስታሳያቸው አልነኳቸውም።

«እኔ ነኝ የሠራሁለት» አሉ። «ከወይራ። መንኩሶ ሲመጣ የሰጠሁት ነው። ይህን ከየት አገኘሽው ልጄ? ከውኃው ወጣ?»

«ከውኃው አይደለም መሪጌታ።»

ወደ ዶዘሩ አዩ። 

«ውኃው ወሰደው ብለውኝ» አሉ፣ «ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ጣናን ስረግም ኖርሁ። ደብሩ ደጅ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ሐይቁ አድርጌ፣ እየረገምሁት።»

*

መሲ የግምጃ ቤቱን በር ከፍታ ከመደርደሪያው ላይ ፊልትሮዎቹን አወረደች። ካርቶኖቹን አቧራ ውጧቸዋል።

«ከመጡ ቆዩ። ኢንጂነሩ ዕቃ የለም ብሎ ሰርቪሱን አስተላለፈ ሲባል ገረመኝ። መናገር ፈርቼ ዝም አልሁ፤ በኋላ ግን ለገድሉ ደወልሁለት።» ካርቶኑን መልሳ አስቀመጠችው። «ባልደውልለት ኖሮ …»

የብርጓል እዚያው ቆማ ለኢንጂነሩ ደወለች።

«ዕቃ አልመጣም ያለዎት ማን ነው?»

«ክንዱ ነዋ። ግምጃ ቤት የሚገባውን ሁሉ እሱ ነው የሚነግረኝ። ለምን?»

ስልኩን ዘጋችው። አንድ ፎርማን ዕቃ አልመጣም ብሎ መዋሸቱ ብቻውን ነፍሰ ገዳይ አያሰኘውም። ቁልፉን ማንም ከቢሮ ሊያነሣው ይችል ነበር። ክንዱ ደግሞ ከታቦቱ አልተለየም፤ ካህናቱም መስክረውለታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ውኃ ሲያመላልስ ነበር።

«መሲ፣ ዝክሩ ላይ ነበርሽ?»

«ከሴቶቹ ጋር ሳስተናግድ ነው የዋልሁ።»

«ክንዱ ያመጣው ውኃ በቃችሁ?»

«የቱ ውኃ? ደፋነው እኮ! ጠበቅነው ጠበቅነው፣ ሕዝቡ በውኃ ጥም ሊያልቅ ሲል መጣ። ቧንቧውን ብንከፍተው የእምቦጭ ቅጠልና ሥር ነው የሚወርደው። አዛውንቶቹ ተቆጡ። እሱ ግን አንድ ቃል አልመለሰም፤ ፀሐይ መትቶት ነው ብዬ አዘንሁለት።»

«የከተማው ቧንቧ እምቦጭ የለውም።»

«ምን ሲደረግ! ቦቴ ገብቶ እምቦጭ ካለበት የሚቀዳው ከካምፑ ጀርባ ባለው ገባ ያለ የሐይቅ ዳር ብቻ ነው። ሠራተኛው የሚታጠብበት።»

የብርጓል ግምጃ ቤቱን ዞራ ወደ ሐይቁ ወረደች። ዳርቻው በእምቦጭ ተሸፍኗል፤ ወይን ጠጅ አበባው ነፋስ በመጣ ቁጥር አብሮ ያዘነብላል። ቅጠሉ ተገፍቶ ውኃው በተገለጠበት ቦታ፣ ድንጋይ ላይ፣ ያለቀች የሳሙና ቁራጭ ደርቃ ተጣብቃለች። ከድንጋዩ ጎን የከባድ መኪና ጎማ ያረሰው አለ። የቀረው ነገር የአባ ሬሳ ነበር፤ እሱም በየትኛው አፈር ሥር እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

*

በነጋታው የብርጓል ሠራተኛው ሁሉ አዲሱ የመንገድ ሙሌት ላይ እንዲቆም አዘዘች። ከወንዝ ማሳለፊያው ቱቦ እስከ መታጠፊያው ድረስ ከመስቀል በኋላ የተሞላው አፈር ይህ ነው፤ ረጅም ነው። ፍሬ ስብሐት ከላዩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ይህን ሁሉ ልትቆፍሪው ነው? የት ጋ እንደሆነ ሳታውቂ?»

«በሎደር ከጫፍ እጀምራለሁ። ካላገኘሁ እስከ ጫፍ እሄዳለሁ።»

መሪጌታ ከጥቂት ካህናት ጋር ዳር ላይ ቆመዋል። ክንዱ ከሠራተኞቹ ፊት፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሎደሩን ያያል። አዘዘ ሞተሩን አስነሣ። ጥቁር ጭስ ወጣ። ከቱቦው በኩል ጀምሮ መሬቱን መገሽለጥ ያዘ።

የብርጓል አፈሩን አላየችም፤ ያየችው ክንዱን ነው። ሎደሩ ወደ ፊት በመጣ ቁጥር ትከሻው ከፍ፣ ከፍ ይላል። ከአንገቱ ሥር የሚወርደው ላብ ሸሚዙን አጣብቆታል። ሎደሩ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ አፈሩን ደፋ፣ እንደገና መጣ። ከመሐሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ የብረቱ ጥርሶች መሬቱን ሲነክሱ ክንዱ ሮጠ። ማንም ሳይዘው ሎደሩ ፊት ደርሶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«በማሽን አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። «አጥፋው! አዘዘ አጥፋው! ሁለተኛ በማሽን አይሆንም!»

አዘዘ ሞተሩን አጠፋ። ሠራተኛው እንደ ደነዘዘ ነው። ፍሬ ስብሐት አፉን ከፍቶ ቀረ። ከሐይቁ በኩል የአንድ ታንኳ ቀዛፊ ድምፅ ይሰማ ነበር።

የብርጓል ቀስ ብላ ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«እዚህ ጋ ነው?»

ክንዱ ተንበረከከ። መዳፉን አፈሩ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ነው።»

*

ቃሉን የሰጠው እዚያው፣ የፖሊስ ፒካፕ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። ሳጅኑ ይጽፋል።

«አዘዘ አልነበረም። ሙሌቱ ደግሞ አልቆ ማየት ፈለግሁ። ሰው ሳያይ ማታ ማታ እየወጣሁ ለምጄው ነበር፤ ፈቃድ የለኝም። ገና ጎሕ ሳይቀድድ አስነሣሁት። ጉም ነበር። አባ ገና ባልተሞላው ጉድጓድ ውስጥ መኖራቸውን አላየሁም። እምላለሁ አላየሁም።»

«እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ጸሎት። ከዛፎቹ ሥር። እሳቸው ካሉ ማሽን አይቀርብም ብለው ነው። ሰንሰለቱ ልብሳቸውን ያዘ፤ ከዚያ እግራቸውን።»

«አንተስ?» የብርጓል አንቱታውን የተወችው ሳይታወቃት ነው።

«ወረድሁ።»

«ሞተው ነበር?»

 ሳጅኑ ከወረቀቱ ቀና አለ።

«ክንዱ። ሞተው ነበር ወይ?»

«ስሜን ጠሩኝ» አለ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ መሰለ። «ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። 'ልጄ ክንዱ' አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ተመልሼ ወጣሁ።»

«ወደ የት?»

«ወደ ማሽኑ። አፈሩን ገፋሁት።»

ሳጅኑ መጻፉን አቆመ። የብርጓል በዚህ ሥራ ብዙ ሰምታለች። ግን ተነሥታ ጥቂት ርምጃ ራመድ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆየች። ስትመለስ ድምፅዋን አስተካክላ ነበር።

«ከዚያ ታንኳቸውን ገለበጥህ፣ ማሽኑን አጠብህ። ገድሉስ?»

«መኪናውን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሲያልፍ አየሁት። ታቦቱ እንደገባ ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ስደርስ ታጥቦ ይደርቃል። ከማሽኑ ሆድ ያወጣውን ቆብና የመቁጠሪያ ቁራጭ ድንጋይ ላይ አስቀምጧል። 'እንኳን መጣህ ክንዱ፤ ልጠራህ ነበር' አለኝ። 'አንተ ነህ የፈለግሃቸው፤ ይህ የአባ ነው ወይ?' ብሎ አነሣልኝ። እሱን እያየ ሳለ የጎማ መፍቻውን ከቦቴው አወጣሁ።»

የቀረውን መናገር አላስፈለገውም። የገድሉን ሬሳ በቦቴው ወደ ካምፑ ወሰደ፤ ቱታውን አለበሰ፤ ላሜራውን መልሶ አሰረ፤ ዶዘሩን አስነሥቶ ምላጩን ከታኮዎቹ ላይ አነሣ፤ ታኮዎቹን አውጥቶ ሬሳው ላይ አወረደው። ቆቡንና መቁጠሪያውን ሐይቁ ውስጥ ጣላቸው። ቧንቧው ጋ ሄዶ ተራ ለመጠበቅ ጊዜ ስላልነበረው ከፊቱ ያገኘውን ውኃ ቀድቶ ወደ ዝክሩ ሄደ።

*

አባ ጥዑመ ልሳንን በእጅ ቆፍረው አወጧቸው። ካህናቱም ሠራተኞቹም እየተፈራረቁ ቆፈሩ። ፍሬ ስብሐት የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ከጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ማንም ውጣ አላለውም። አስከሬኑ በነጭ ተጠቅልሎ ወደ ደብሩ ሲነሣ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ጀምራ ነበር።

መሪጌታ አልተከተሉም። ወደ የብርጓል መጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወዲያው ነው የሞተው?»

ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር። ለቤተሰብ ሁሉ የሚሰጥ መልስ አለ፤ ወዲያው ነው፣ ምንም አልተሰማቸውም። ለእናትዓለም እንደዚያ ብላታለች፤ ለእሷ ደግሞ እውነት ነበር። 

«አይደለም መሪጌታ» አለች። «በሕይወት ነበሩ። ክንዱን በስሙ ጠርተውታል። ልጄ ብለው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያለቅሳሉ ብላ ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን ቀስ ብለው እጇን አልፈው ወደ ፒካፑ ሄዱ። ክንዱ እጁ በካቴና ታስሮ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ሲያያቸው ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት አዞረ።

«ክንዱ» አሉ መሪጌታ።

አልዞረም።

«ክንዱ፣ እኔ አልረግምህም። ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ወንድሜ ሲጠራህ ምን ብለህ መለስህለት?»

የክንዱ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሾፌሩ ሞተሩን ሊያስነሣ ቁልፉን ሲነካ የብርጓል በመስኮቱ እጇን አስገብታ እጁን ያዘችው።

«ቆይ» አለችው።

መሪጌታ አልቸኮሉም። አንድ እጃቸውን በመኪናው በር ላይ አሳርፈው፣ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ጠበቁ።